የድምፅ ሞገድን ለማየት ኦሲሎስኮፕ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ፤ ለሙዚቀኛ፣ ለስቱዲዮ ሰው፣ ለአምፕ ጠጋኝና ለተማሪ።

ኦሲሎስኮፕ ከድምፅ ላይ የሚያሳየኝ ምንድን ነው?

የሚያየው ቮልት ብቻ ነው። ማይኩ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ስኮፑ ያ ቮልት በየቅጽበቱ ሲወጣና ሲወርድ እየተከተለ ይስለዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ጊዜ ነው፣ ከታች ወደ ላይ ያለው ቮልት።

ዋሽንት ሲነፋ ለስላሳና ክብ ክብ ያለ ሞገድ ይወጣል። ማሲንቆ ሲገዘገዝ ሞገዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሾላል። ክራር ገና ሲመታ የተመሰቃቀለ ነው፤ ወዲያው እየጠራ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። በገና ከሁሉም ይለያል፦ ጅማቱ ሲርገበገብ እንዚራውን ስለሚነካ በዋናው ሞገድ ላይ ደቃቅ እሾህ የተሰካበት ይመስላል። ያ የሚነዝረው የበገና ድምፅ ከየት እንደሚመጣ በዓይን ይታያል ማለት ነው።

ስንት ሜጋኸርዝ ያስፈልገኛል?

ምንም ያህል አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ 20,000 ኸርዝ ደግሞ 0.02 ሜጋኸርዝ ነው። 10 ሜጋኸርዝ የሚል ስኮፕ ከሚፈለገው 500 እጥፍ ይበልጣል። ሻጩ «ይሄ 100 ነው፣ ያኛው 200» እያለ ዋጋ ሲጨምር ለድምፅ ሥራ የሚጨምርልዎት ነገር የለም። ገንዘቡን በቻናል (በመግቢያ) ብዛት፣ በሚሞሪ፣ በቢት ብዛት (ቮልቱን በስንት ደረጃ ከፋፍሎ እንደሚስል) እና በስክሪን ጥራት ላይ ያውሉት።

እንዲያውም ባንድዊድዙ (ያ የሜጋኸርዙ ቁጥር፣ ስኮፑ የሚያሳየው የድግግሞሽ ስፋት) ሲሰፋ የሬዲዮና የቻርጀር ጩኸት አብሮ ስለሚገባ መስመሩ ይወፍራል። ስኮፑ ላይ ባንድዊድዝን 20 ሜጋኸርዝ ላይ የሚገድብ ምርጫ ካለ ለድምፅ ሁልጊዜ ይክፈቱት።

የስልክ አፕ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም አይበቃኝም?

የሞገድ ቅርጽ ለማየትና ለተማሪ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ይበቃል። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ የተቀዳውን ድምፅ አጉልቶ እስከ አንዷ ናሙና (አንዴ የተለካች ነጥብ) ድረስ ያሳያል። ጥሩ የድምፅ ካርድ 16 ወይም 24 ቢት ስለሆነ ጥቃቅን መዛባትን በመለካት በኩል ከብዙ ስኮፖች ይበልጣል።

ሦስት ነገር ግን አይሆንለትም። አንደኛ፣ የስልክ ማይክ ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በቀስታ የተመታውም በኃይል የተመታውም እኩል ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቮልቱ ስንት እንደሆነ አይነግርዎትም። ሦስተኛ፣ የአምፕ መውጫ ላይ ቢሰኩት የድምፅ ካርዱ ይቃጠላል፤ መግቢያው ለጥቂት ቮልት ብቻ የተሠራ ነው።

አናሎግ ይሻላል ወይስ ዲጂታል?

ዓላማዎ ሞገዱ ሲጨፍር ማየት ከሆነ፣ ማለትም ለመድረክ፣ ለቪዲዮ ወይም ለኤክስ-ዋይ ሥዕል (አንዱ ቻናል ጨረሩን ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋው የሚወጣ)፣ ባለ ቱቦ አናሎግ ይግዙ። ጨረሩ ሳይቆራረጥ ይጓዛል፤ በዘገየበት ይደምቃል፣ በፈጠነበት ይደበዝዛል። ያ ድምቀት ራሱ መረጃ ነው፣ ውበትም ነው። ዲጂታሉ ሞገዱን ወደ ነጥቦች ቆራርጦ መልሶ ይገጣጥማል፤ በርካሾቹ ላይ በተለይ በኤክስ-ዋይ ጊዜ ሥዕሉ እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል።

ዓላማዎ ጥገናና ልኬት ከሆነ ዲጂታል። አንድ ጊዜ ተመትቶ የሚጠፋን የከበሮ ድምፅ ይዞ ያቆማል፣ በፍላሽ ያስቀምጣል፣ ድግግሞሹን በቁጥር ይነግራል።

ስም ጠርታችሁ ንገሩኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ለመማሪያ ዲኤስኦ 138 የሚባለው ተገጣጣሚ ኪት ይበቃል፦ አንድ ቻናል፣ 200 ኪሎኸርዝ፣ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና፣ በ9 ቮልት የሚሠራ። ለድምፅ 200 ኪሎኸርዝ በቂ ነው፤ የሚያንሰው የናሙና ማስታወሻው ነው፣ 1024 ነጥብ ብቻ። አንድ ቻናል ስለሆነ ኤክስ-ዋይ የለውም።

ለሥራ የሚሆነው ሪጎል ዲኤስ 1054 ዜድ ነው፤ አራት ቻናል፣ 50 ሜጋኸርዝ፣ 12 ሚሊዮን ነጥብ ሚሞሪ። 8 ቢት መሆኑ ያስቆጫል። በጀቱ ከፈቀደ የዚያው አምራች ዲኤችኦ 804 ባለ 12 ቢት ስለሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ሲጎላ ደረጃ ደረጃ አይሠራም። ዩኤስቢው ሀንቴክ 6022 ቢኢ ሁለት ቻናል አለው፣ ርካሽም ነው፤ ያለ ኮምፒውተር ግን ሞቷል።

ከአናሎጎቹ ሂታቺ ቪ-212 እና ሀሜግ ኤችኤም 203 ሁለቱም 20 ሜጋኸርዝ፣ ባለ ሁለት ቻናልና ኤክስ-ዋይ ያላቸው ናቸው፤ ለድምፅ ከእነዚህ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ቴክትሮኒክስ 465 እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ከባድም ነው፤ የ100 ሜጋኸርዝ ዋጋ እየከፈሉ መሆኑን ግን ይወቁ።

ያገለገለ አናሎግ ስገዛ ምን ልይ?

ሳይበራ አይግዙ። ይብራና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። መስመሩ ቀጭን ሆኖ መታየት አለበት፤ የፎከስ ማዞሪያው ጫፍ ላይ ደርሶም ካልቀጠነ ቱቦው ደክሟል። ብርሃኑን ቀንሰው ስክሪኑ ላይ የተቃጠለ ቡናማ ነጥብ ወይም መስመር ይፈልጉ፤ እሱ አይታከምም። ከዚያ ፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) ፊት ለፊት ባለው የ1 ኪሎኸርዝ መሞከሪያ ላይ ይስኩና አራት ማዕዘኑ ሞገድ በሁለቱም ቻናል፣ በየቮልት ደረጃው ይውጣ። ማዞሪያ ሲዞር ሥዕሉ የሚዘልና የሚጠፋ ከሆነ የውስጥ መነካኪያው ዝጓል፤ ይህ በማጽጃ የሚድን ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት። ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ከታጠፈና እጥፉ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ከተደጋገመ የፓወር ክፍሉ ካፓሲተር አብቅቷል። እሱም ይቀየራል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ስኮፕ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከኋላ ያለው የቮልት መምረጫ 115 ላይ ነው። እንደመጣ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፊውዙ ከተበጠሰ ዕድለኛ ነዎት። መምረጫውን ወደ 230 ያዙሩ፣ ፊውዙንም ጀርባው ላይ ለ230 በተጻፈው መጠን ይቀይሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የ115ቱ ግማሽ ነው። መምረጫ ከሌለው ደግሞ ታፔላው 50 ኸርዝ እንደሚቀበል አይተው በትራንስፎርመር ይጠቀሙ። ክዳኑን ለመክፈት ካሰቡ የቱቦው ክፍል ከ1,000 ቮልት በላይ ይዟል፤ ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ይቆያል።

ስልኬን ወይም ሚክሰሬን እንዴት ላገናኝ?

አንድ 3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ ጃክ፣ ሁለት ክር ሺልድ ያለው ገመድ፣ ሁለት ቢኤንሲ (የስኮፑ መግቢያ ላይ የሚገጥም መሰኪያ)። የጃኩ ጫፍ ግራ፣ መሃለኛው ቀለበት ቀኝ፣ ግርጌው ግራውንድ ነው። ግራውን ቻናል 1፣ ቀኙን ቻናል 2 ላይ። መበየድ ካልፈለጉ ከ3.5 ወደ ሁለት አርሲኤ የሚሄደውን ተራ ገመድ ገዝተው ጫፉ ላይ ከአርሲኤ ወደ ቢኤንሲ የሚቀይር መጋጠሚያ ያድርጉ። እያዩ ለመስማት ጃኩን ለሁለት የሚከፍል መከፋፈያ ይጨምሩ።

ከሚክሰር በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒኑ መሰኪያ) ከወጡ ፒን 2 የሞገዱ ነው፣ ፒን 1 ግራውንድ። ፒን 3ን ክፍቱን ይተዉት፤ ከግራውንድ ጋር ማሰር አንዳንድ ሚክሰር ላይ መውጫውን ያስጨንቃል።

ማዞሪያዎቹን የት ላይ ላስቀምጥ?

ስልክና የቤት ቴፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.9 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ፤ በአንድ ሳጥን (ስክሪኑ ላይ በተሰመረው አንድ አራት ማዕዘን) 200 ሚሊቮልት ላይ ቢያደርጉት አራት ሳጥን ተኩል ይሞላል። የስቱዲዮ መሣሪያ በመደበኛ ልኩ ወደ 3.5 ቮልት ያወጣል፤ 0.5 ቮልት ይበቃዋል።

ለጊዜው ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 1000ን በኸርዙ ሲያካፍሉ የአንዱ ዙር ርዝመት በሚሊ ሰከንድ ይወጣል። 220 ኸርዝ የሆነ የክራር አውታር 4.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በአንድ ሳጥን 1 ሚሊ ሰከንድ ካደረጉ በአሥሩ ሳጥን ሁለት ዙር ያያሉ። የመብራት ጉምጉምታን ለመፈለግ ደግሞ 5 ሚሊ ሰከንድ፤ 50 ኸርዝ ከሆነ ሁለት ዙር ተኩል ይታያል።

ፕሮብ ከተጠቀሙ ፕሮቡ ላይ ያለው ×1 ወይም ×10 (ቮልቱን ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንሰው) ከሜኑው ጋር ይስማማ። ስልኩ 9 ቮልት አወጣ ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሳቱት።

ማይኬን ሰክቼ ለምን ምንም አላይም?

ተራው ዳይናሚክ ማይክ ሲዘፈንበት የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። አብዛኛው ስኮፕ ዝቅ ሲል በአንድ ሳጥን 2 ወይም 5 ሚሊቮልት ላይ ይቆማል፣ እዚያ ላይ የራሱ ጫጫታ አብሮ ይጎላል። ሚክሰር ወይም ፕሪአምፕ በመሃል ያስገቡና ከመውጫው ይውሰዱ። የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ካልደረሰው አይሠራም።

ሞገዱ ለምን አይቆምልኝም? እየሮጠ ነው

ትሪገር ነው። ስኮፑ በየዙሩ ሥዕሉን ከአንድ ቦታ እንዲጀምር የሚያደርገው የትሪገር ደረጃ ሞገዱ ውስጥ ካልወደቀ ሥዕሉ ይንሸራተታል። ደረጃውን ሞገዱ መሃል ላይ ያድርጉ። የማሲንቆ ወይም የበገና ድምፅ ላይ ሁለትና ሦስት ሥዕል ተደራርቦ ከታየ ሞገዱ በአንድ ዙር ውስጥ ያንን ደረጃ ብዙ ጊዜ እያቋረጠ ነው፤ ደረጃውን ወደ ከፍተኛው ጫፍ ይግፉት፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ለትሪገሩ የሚከለክለውን ምርጫ ይክፈቱ፣ ካልሆነ ሆልድኦፍ የሚባለውን (ከአንዱ ትሪገር በኋላ ቀጣዩን የሚያዘገየውን ጊዜ) ከአንዱ ዙር ርዝመት በትንሹ አሳንሰው ይሙሉ። ለ220 ኸርዝ 4 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።

ለከበሮ አሠራሩ ሌላ ነው፦ ሲንግል የሚለውን ይጫኑ፣ ጊዜውን በሳጥን 20 ሚሊ ሰከንድ ያድርጉ፣ ደረጃውን ከክፍሉ ጫጫታ ትንሽ ከፍ ያድርጉና አንዴ ይምቱ። ሙሉ ዘፈን ግን በምንም ትሪገር አይቆምም፤ ድግግሞሹ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ዕቃው አልተበላሸም።

ኤክስ-ዋይ ላይ ሳደርገው ለምን መስመር ብቻ ይታያል? ሥዕል የሚሠሩትስ እንዴት ነው?

በኤክስ-ዋይ ጊዜ ግራው ጨረሩን ወደ ጎን፣ ቀኙ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ካላቸው ወደ ቀኝ ያዘመመ መስመር ነው የሚወጣው፤ ድምፁ ሞኖ ነው ማለት ነው። መስመሩ ወደ ግራ ካዘመመ አንዱ ገመድ ተገልብጧል፤ ይህን በሞኖ ስፒከር ሲያጫውቱት ዘፋኙ ይጠፋል። ስፋት ያለው የስቴሪዮ ቅጂ እንደ ጥጥ ይነፋል። ሁለት እኩል ድግግሞሽ በሩብ ዙር ሲለያዩ ክብ ይወጣል። እነዚህን ቅርጾች በ1857 በንዝረትና በብርሃን ያጠናው ፈረንሳዊው ሊሳዡ ስለሆነ በስሙ ይጠራሉ።

ለቅኝትም ይሆናል። ከቶን ጀነሬተር 220 ኸርዝ በአንዱ ቻናል፣ ክራሩን በማይክና ፕሪአምፕ በሌላው ያስገቡ። አውታሩ 1 ኸርዝ ቢስት ሞላላው በሰከንድ አንዴ ተገላብጦ ይመለሳል፤ ቁልፉን ሲያጠብቁ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ጆሮ የማይለየውን ልዩነት ዓይን ይይዘዋል።

ሥዕል ለማውጣት የተሠሩ የድምፅ ፋይሎችን ሲያጫውቱ ግን ብዙ ነገር ያበላሻቸዋል። ኤምፒ3 ድምፁን ሲጨምቅ የሁለቱን ቻናል ግንኙነት ስለሚነካ መስመሩ ፀጉር ያበቅላል፤ ዋቭ ወይም ፍላክ ይጠቀሙ። ብሉቱዝም ይጨምቃል፣ በገመድ ይሁን። ቤዝ መጨመሪያውን፣ ኢኳላይዘሩን፣ «ሰራውንድ» የሚለውን ሁሉ ያጥፉ። የስኮፑን መግቢያ ዲሲ (ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ሳይቆርጥ የሚያሳልፈው ምርጫ) ላይ ያድርጉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሥዕሉ ቀስ ብሎ ከተንሳፈፈና ካዘመመ የድምፅ ካርዱ መውጫ ላይ ያለው ካፓሲተር ዝቅተኛውን ድግግሞሽ እየቆረጠ ነው፤ መድኃኒቱ ዲሲ የሚያሳልፍ የድምፅ ካርድ ነው። አናሎግ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ድምፁ ሲቆም ጨረሩ አንድ ነጥብ ላይ ይተከላል፣ ብርሃኑን ካልቀነሱ ያችን ነጥብ ያቃጥላታል።

ዲጂታል ስኮፕ የሌለ ሞገድ ሊያሳየኝ ይችላል?

ይችላል፣ ያውም እርግጠኛ መስሎ። 1000 ነጥብ ብቻ የሚይዝ ስኮፕ 100 ሚሊ ሰከንድ በስክሪኑ ላይ እንዲዘረጋ ካዘዙት በሰከንድ 10,000 ናሙና ብቻ ይወስዳል። ከዚህ ግማሽ፣ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በትክክል መሳል አይችልም። 9,000 ኸርዝ ፉጨት ቢያስገቡ የጠራ 1,000 ኸርዝ ሞገድ ያሳይዎታል። ካርቶኑ ላይ «1 ጊጋ ናሙና» ተብሎ የተጻፈው ለፈጣኑ ጊዜ ነው፤ ወደ ዘገምተኛው ሲሄዱ ሚሞሪው ይወስነዋል። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ስኮፕ ሙሉ 1 ሰከንድ ዘርግቶም በሰከንድ 12 ሚሊዮን ናሙና መያዝ ይችላል።

መፈተሻው ይህ ነው፦ ጊዜውን አንድ ደረጃ ሲያፈጥኑ ሞገዱ በዚያው ልክ ሊለጠጥ ይገባል። ካልተለጠጠ፣ ወይም ሌላ መልክ ካመጣ፣ ያዩት ሐሰት ነው።

አምፑ ድምፅ እያዛባ መሆኑን በዓይን መለየት እችላለሁ?

ክሊፕ ሲያደርግ፣ አዎ፦ የሞገዱ ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ያህል ዝርግ ይሆናል። በአምፑ መውጫ ላይ ቢያንስ 50 ዋት የሚችል 8 ኦም ሬዚስተር በስፒከሩ ፈንታ ይሰኩ፣ 1 ኪሎኸርዝ ያስገቡ፣ ጫፉ ሊቆረጥ ሲል ይቁሙ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ቮልት ካነበቡ ከፍታው 20 ነው፣ አርኤምኤሱ (ለዋት ሂሳብ የሚውለው ቮልት) 14.1፤ 14.1 በራሱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 25 ዋት። ሳጥኑ ላይ 500 የሚል አምፕ ስንቱን እንደሚሰጥ በዚህ ይታወቃል።

ስውር መዛባት ግን በዓይን አይያዝም። 1 በመቶ የተዛባ ሳይን ከንጹሑ ጋር ቢቀመጥ አይለይም፤ 8 ቢት ስኮፕ ደግሞ ከላይ እስከ ታች 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ወደ 48 ዴሲቤል። ለዚያ በድምፅ ካርድና በኤፍኤፍቲ ፕሮግራም (ድምፁን በየድግግሞሹ ለይቶ በሚያሳይ) ይለኩ፣ መግቢያው ላይ ቮልት መቀነሻ አድርገው።

በክላስ ዲ አምፕ ላይ መስመሩ እንደ ገመድ ወፍሮ ከታየ ብልሽት አይደለም፤ በመቶ ሺዎች ኸርዝ የሚከፈትና የሚዘጋው ማብሪያ ቅሪት ነው። የ20 ሜጋኸርዙ ገደብ እዚህ አይረዳም። 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 4.7 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ያድርጉ፤ ከ34 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን እየቀነሰ ሞገዱን ያጠራዋል። የግራውንድ ጉዳይ ግን በክላስ ዲ ላይ አደገኛ ነው፣ ከመሰካትዎ በፊት ቀጣዩን ያንብቡ።

የፕሮቡን ክሊፕ ስፒከሩ ጥቁር ሽቦ ላይ ሳደርግ አምፑ ተቃጠለ፤ ለምን?

ጥቁሩ ሽቦ ግራውንድ ስላልነበረ ነው። የመኪና ቴፖችና ብዙ ክላስ ዲ አምፖች ስፒከሩን በሁለቱም ጫፍ ነው የሚገፉት፤ ጥቁሩም ቀዩም ሕያው ነው። የፕሮቡ ክሊፕ ደግሞ በስኮፑ ሳጥን በኩል ከስፒናው ኧርዝ ጋር የታሰረ ነው። ሲነካ አንዱ የመውጫ ክፍል ሾርት ሆነ። የሁለቱ ቻናል ክሊፖችም ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ስለሆኑ አንዱን ጥቁሩ፣ ሌላውን ቀዩ ላይ ማድረግ ያው ሾርት ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሁለቱም ክሊፖች አምፑ ግራውንድ ላይ፣ የቻናል 1 ጫፍ ቀዩ፣ የቻናል 2 ጫፍ ጥቁሩ ላይ፣ ፕሮቦቹ ×10፣ ከዚያ ከሒሳብ ሜኑ ቻናል 1 ሲቀነስ ቻናል 2።

የስኮፑን ኧርዝ ሽቦ ቆርጦ ማንሳፈፍ መፍትሔ አይደለም። ያን ጊዜ የስኮፑ ሳጥንና ማዞሪያ የነኩትን ቮልት ሁሉ ይሸከማሉ፤ በቱቦ አምፕ ላይ ይህ ከ300 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። ሳይቆረጥም በብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ መነካኪያ ኖሮት ከኋላው ሽቦ የለም፤ የስኮፑን ብረት ሲነኩ ነዘር የሚያደርገው፣ ስክሪኑም ላይ 50 ኸርዝ የሚታየው ከዚያ ነው። በቴስተር በሕያውና በኧርዝ መካከል ይለኩ፤ 220 አካባቢ ካልመጣ ኤሌክትሪሺያን ያሠሩ። ስኮፑና አምፑ ከአንድ ዲቫይደር ይሰኩ።

በባትሪ የሚሠራ የእጅ ስኮፕ ከኧርዝ ስለተላቀቀ እንዲህ ያለ አምፕ ላይ በአንድ ቻናል በቀጥታ ይሰካል። ነገር ግን እየለኩ ቻርጀሩን ወይም የኮምፒውተር ዩኤስቢ ገመዱን ከሰኩበት ያ ጥቅሙ ወዲያው ይቀራል።